የድርቤ ቀንድ አውጣዎች

ባለቤቴ ድርቤ ቅዳሜ ጠዋት ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ በሩ ላይ ቆማ አደራ ያለችኝ ስለ ቤቱም ስለ ራሴም አልነበረም፤ ስለ ቀንድ አውጣዎቿ ነበር። ሰኞ ሰኞ የአኳሪየሙን ውሃ ሩቡን ቀይር። የቧንቧ ውሃ በቀጥታ እንዳታስገባ፣ በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን ይደር። የተቀቀለ ጎመን በሁለት ቀን አንዴ፣ አንዲት ቅጠል ብቻ። የእንቁላል ቅርፊት ደቁሰህ ጨምርላቸው፣ አለበለዚያ ዛጎላቸው ይሳሳል። ይህን ሁሉ ብላ ስታበቃ «በል ድገምልኝ» አለችኝ። ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላኝ፣ ከማዘጋጃ ቤት የካርታ ክፍል በጡረታ የወጣሁ ሰውዬ፣ እንደ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቆሜ ደገምኩላት።

አኳሪየሙ መጀመሪያ የዓሣ ነበር። እዚሁ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ የመስኮት መስታወት የሚቆርጥ ሰውዬ በሲሊኮን ሙጫ አጣብቆ ሠራልን። ዓሦቹን ከነውሃ አረማቸው በፌስታል አድርገን፣ ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ ጭናችን ላይ ይዘናቸው መጣን። አምና ግን መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋና ፓምፑ ቆመ፤ ዓሦቹም አለቁ። የተረፉት ማንም ሳይጠራቸው አረሙ ላይ ተጣብቀው የመጡት ቀንድ አውጣዎች ብቻ ነበሩ። የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ፣ ቀያይ፣ ጠፍጣፋ ሆነው የተጠቀለሉ ናቸው። ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ ሲግጡ ይውላሉ። መብራት ኖረ አልኖረ ግድ የላቸውም፤ ነቀምቴ ለመኖር የተፈጠሩ ናቸው። ድርቤ በእነሱ ፍቅር ወደቀች። ዛጎሏ ጫፉ ላይ የተሸረፈውን ትልቋን «ጊፍቲ» ትላታለች፣ እመቤት ማለቷ ነው። እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ።

ድርቤን ያሳመማት አንገቷ ላይ ያለው እብጠት ነው። በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ ስላልሆነ ለዓመታት ችላ ብለነው ኖርን። ዘንድሮ እየጠነከረ ሲሄድ እዚህ ያዩዋት ሐኪም ሪፈር ጻፉላት። እኔ አብሬያት ለመሄድ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ሆስፒታሉ የሚፈቅደው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው ሲባል ወንድሟን ኢቢሳን ከቢላ ከተማ አስጠራች። «ሠርፄ፣ አትቀየመኝ» አለችኝ። «አንተ አጠገቤ ከተቀመጥክ የእኔም ደም ግፊት ይወጣል።» እውነቷን ነው፤ እኔ ሰማይ ሲያጉረመርም ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ባልዲ የምደረድር ሰው ነኝ። ቢሆንም ተቀየምኩ።

የሆነው ሁሉ የሆነው ሰኞ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን የለበስኳትን ነጠላ የማጥበው በእንዶድ ነው። ሸዋ ተወልዳ ወለጋ የተቀበረች እናቴ ነጭ ልብስ በዱቄት ሳሙና ሲታጠብ ካየች ትቆጣ ነበር፤ እኔም በዚህ ነገር ልጇ ነኝ። ከገበያ የገዛሁትን እንዶድ ቀጥቅጬ በባልዲ ዘፈዘፍኩ፣ ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁ፣ አረፋውን ደፋሁ። ባልዲውን ለማለቅለቅ ወደ በርሜሉ ስሄድ ስልኬ ጮኸ። ኢቢሳ ነበር።

«ሶዳ፣ ብቻህን ነህ?» አለኝ። ሶዳ ማለት አማች ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ብቻዬን ነኝ። ምን ሆነች?»

«እሷ ደህና ናት፣ ክፍሏ ውስጥ ተኝታለች፣ እኔ ወጥቼ ነው። የመርፌው ምርመራ ውጤት ጥሩ አይደለም አለኝ ሐኪሙ። ካንሰር ሳይሆን አይቀርም አለ። ሐሙስ ጠዋት አንገቷን ይከፍቱታል። ደግሞ ዕጢው የድምፁን ነርቭ ይዞታል አለ። ድምፅዋ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።»

«ለእሷ ነገራት?»

«ሊነግራት ነበር፣ ለምኜ አስተውኩት። ተራ እንቅርት ነው ብለናታል። ፈቃዱንም እኔ እፈርማለሁ። አደራህን ሶዳ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ በድምፅህ እንኳ እንዳታውቅብህ።»

«ይሁን» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እነሱ ጴንጤ፣ እኛ ኦርቶዶክስ፤ ሠርጋችን ሁለት ዓመት የተጓተተው በዚሁ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ሁለቱም ወገን አንድ ነው፤ ለታማሚ ክፉ ወሬ አይነገርም። ለአባቴም አልተነገረውም፣ ለአባቷም አልተነገረውም። ሁለቱም የቤተሰቡን ፊት እያነበቡ ሞቱ።

ስልኩን ዘግቼ ጓሮ ድንጋይ ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ስነሳ አንድ ነገር ብቻ ትዝ አለኝ፤ ዛሬ ሰኞ ነው፣ የቀንድ አውጣዎቹ ውሃ መቀየር አለበት። ከአኳሪየሙ ሩቡን በጣሳ ቀድቼ ደፋሁ፣ ባልዲውን አነሳሁ፣ ከበርሜሉ ቀዳሁ፣ ቀስ ብዬ አኳሪየሙ ውስጥ ገለበጥኩ። ምንጣፉ ላይ ስለፈሰሰው ውሃ ራሴን ተሳደብኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሳሎን ስገባ መስታወቱ ላይ አንድም ቀንድ አውጣ አልነበረም። ሁሉም ታች አሸዋው ላይ ወድቀዋል። ከዛጎላቸው ግማሽ ወጥተው፣ ቀንዳቸው ተልፈስፍሶ ተዘርረዋል። ጊፍቲን በማንኪያ አውጥቼ በመዳፌ ያዝኳት። ጠበቅኩ። በትንፋሼ አሞቅኳት፣ ምን እንደማደርግ እንኳ አላውቅም ነበር። ለቀንድ አውጣ አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል? ግን አለቀስኩ። ሐሙስ አጠገቤ መጥቶ እንደቆመ ያህል ተሰማኝ።

እኩለ ቀን ላይ ድርቤ ደወለች።

«አካም ቡልቴ፣ ሠርፄ? ልጆቼስ?»

ልጅ አልወለድንም። ልጆቼ የምትለው እነሱን ነው።

«ደህና ናቸው» አልኳት።

«ጊፍቲስ?»

«መስታወቱ ላይ ናት። ስትግጥ ነው የዋለችው።»

«ጎመኑን በሉ?»

«ጨርሰውታል።» ሦስት ውሸት በአንድ ትንፋሽ። ድምፅዋን እየሰማሁ የማስበው ይህ ድምፅ ሐሙስ ሊሄድ እንደሚችል ነው፤ የምትጠይቀኝን ግማሹን አልሰማሁትም። በመጨረሻ «ነገ በቪዲዮ አሳየኝ፣ ከሐሙስ በፊት ልያቸው» አለችና ዘጋች።

አልበላሁም። ሳሎኑን ስዞር ቆይቼ ጎረቤቴ ኦቦ ደረሳ ዘንድ ሄድኩ። ደረሳ ባጃጁን አጥር ሥር አቁሞ ጎማ ይፈታ ነበር። የቀንድ አውጣዎቹን ነገር ነገርኩት፤ የሐኪሙንም ነገርኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም» አለ። «ልቧ ከተሰበረ ቢላው ምን ያደርግላታል? ሂን ያዳዪን ኦቦ ሠርፀ፣ አትጨነቅ። ቀንድ አውጣ እንደሆነ ወንዙ ሞልቶታል። ነገ በጠዋት ሄደን እናመጣለን።»

ረቡዕ በማለዳ በባጃጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወንዝ ወረድን። እኔ የሻይ ማጥለያና የጃም ጠርሙስ ይዣለሁ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ልገባ ስል ደረሳ ከዳር ሆኖ ጠራኝ።

«እዚያ አታገኝም! ሴቶቹ እዚህ ላይ ነው ልብስ የሚያጥቡት። በሃንዶዴ ነው የሚያጥቡት፣ በእንዶድ። አረፋው በሄደበት ሁሉ ቀንድ አውጣ ያልቃል። ከእነሱ በላይ እንሂድ።»

አንድ እግሬ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቆምኩ። ባልዲው ፊቴ ድቅን አለብኝ። ያላለቀለቅኩት ባልዲ። እኔ ነኝ። ምግቡ አይደለም፣ ብርዱ አይደለም፣ መብራቱም አይደለም፣ እኔው ነኝ የገደልኳቸው። የሚያናድደው ደግሞ ይህን ማወቄ ነው። ድርቤ በየዓመቱ የቢልሃርዝያን ትምህርት ስታዘጋጅ ጮክ ብላ ታነብ ነበር፤ በሽታው የሚያድረው የወንዝ ቀንድ አውጣ ላይ ነው፣ እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላል፣ ባዶ እግራችሁን ወንዝ አትግቡ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከባዮሎጂ መምህርት ጋር ኖሬ፣ ካርታዬ ላይ አቀርቅሬ፣ በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ። አሁንም ባዶ እግሬን ወንዝ ውስጥ ቆሜያለሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ይህንንም እያወቅኩ ገባሁ። ከሴቶቹ በላይ ባለው ረጋ ያለ ቦታ፣ ከድንጋይ ሥር፣ ዘጠኝ ቀንድ አውጣ ለቀምኩ። ጠፍጣፋ፣ የተጠቀለሉ፣ ልክ የእሷን የሚመስሉ። ትንሽ ጠቆር ይላሉ። ጭቃ ነው፣ ሲታጠብ ይለቃል አልኩ። ቤት ገብቼ የአኳሪየሙን ውሃ እስከ አሸዋው ድረስ ቀድቼ አወጣሁ፣ ባልዲውን አምስት ጊዜ አጠብኩ፣ በአዲስ ውሃ ሞላሁ። አዲሶቹን አስገባሁ። ጥቁረታቸው አልለቀቀም። ጊፍቲን፣ ማለት ባዶ ዛጎሏን፣ ሽራፊዋ እንዲታይ አድርጌ መስታወቱ ጥግ አስደገፍኳት። ስምንት ሰዓት ሲሆን የወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ መስታወቱ ላይ መውጣት ጀመሩ። እፎይ አልኩ። የሠራሁትን ሳየው ራሴን ጠላሁት፤ ግን እፎይ አልኩ።

ድርቤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደወለች። አልጋው ላይ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች። እብጠቱ ከወትሮው የበለጠ ትልቅ መስሎ ታየኝ፤ ምናልባት ስላወቅኩ ይሆናል።

«ኤዬ፣ አሳየኝ እስቲ» አለች።

ስልኩን ወደ መስታወቱ አዞርኩ። ክንዴን ወንበሩ ላይ አስደገፍኩ። «ይኸው፣ እንዴት እንደሚሄዱ አየሽ?»

ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ ዓይኗን አጠበበች።

«ኔትዎርኩ ነው መሰለኝ» አልኩ።

«ይታየኛል። ጠጋ አድርገው። ጊፍቲን አሳየኝ።»

ጠጋ አደረግሁት።

«ለምን አትንቀሳቀስም?»

«ተኝታለች።»

«ሠርፄ፣ ፊትህን አሳየኝ።» ስልኩን ወደ ራሴ አዞርኩ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «እነዚህ የወንዝ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። የእኔዎቹ ቀይ ናቸው፤ እነዚህን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬያለሁ። ወንዝ ገብተሃል?»

«ቦቲ አድርጌ...»

«ገብተሃል?»

«ገብቻለሁ። በባዶ እግሬ ነው የገባሁት።»

«የእኔዎቹስ?»

«ሞተዋል» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። እንዶዱን፣ ባልዲውን፣ ማክሰኞ በማንኪያ ያወጣኋትን ጊፍቲን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ቁጣዋን አውቀዋለሁ፣ ችዬው ኖሬያለሁ። አልተቆጣችም። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ባልዲ ሳታለቀልቅ ትረሳለህ? አንተ? ብርጭቆ ሦስት ጊዜ የምታጥብ ሰው?» አለች። «ሰኞ ምን ሰማህ?»

ዓይኔን ከስልኩ ላይ አንስቼ ወደ አኳሪየሙ አዞርኩ።

«ሠርፄ። ለቀንድ አውጣ ብለህ ቢልሃርዝያ ውስጥ ከገባህ፣ እንዳልደነግጥ የምትፈራበት ትልቅ ነገር አለ ማለት ነው። ኢቢሳ ከሰኞ ጀምሮ ዓይኔን አያየኝም። ሐኪሙ ምን አለ?»

እንዲህ ያለ ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም። ብነግራት ልቧ ቢቆምስ? ሐሙስን ሳታይ ብገድላትስ? ብዋሻትስ፣ ከዚህ በኋላ የምላትን ምን ታምናለች? ኢቢሳ አደራ ብሎኛል። ደረሳ አይነገርም ብሎኛል። የአባቴ ፊት መጣብኝ፤ እየዞረ የእያንዳንዳችንን ፊት ሲያነብ።

«ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ብሏል» አልኳት። «ድምፅሽም... ዕጢው ነርቩን ይዞታል። ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል ብሏል።»

ስልኩ ውስጥ የሆነ ሰው አልጋ ሲገፋ ይሰማል። ድርቤ እጇን አንገቷ ላይ አደረገች።

«ነገ ስነቃ ድምፄ ባይኖር» አለች፣ «ምን ልትሉኝ ነበር? ጉንፋን ነው ልትሉኝ? እኔ በድምፄ ነው እንጀራዬን የበላሁት። የምሰናበተው ሰው የለኝም? የምናገረው የለኝም?» ዓይኗ ሞላ። «ወረቀቱን እኔው እፈርማለሁ። ኢቢሳ አይፈርምም።» ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ሰዓታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እግዚአብሔር ያውቃል። ብደውል አታነሳም። ገደልኳት አልኩ፤ መጀመሪያ ቀንድ አውጣዎቿን፣ አሁን እሷን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኢቢሳ ደውሎ ጮኸብኝ። «ምን አደረግክ ሶዳ! አለቀሰች። ከዚያ ሐኪሙን አስጠርታ አንድ ሰዓት ሙሉ በጥያቄ አፋጠጠችው፣ ሥዕል አሳለችው። አሁን ደግሞ ስልክ ላይ ናት። ቢላ ላሉት እህቶቿ ደወለች፣ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ደወለች፣ አብራቸው ዘመረች። ነርሷ ዝም በይ ብትላት እንቢ አለች።»

«እየዘመረች ነው?» አልኩት።

«እየዘመረች ነው» አለ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ድምፅዋ ሲዘምር ውሎ ጎርነን ብሏል።

«ስልክህ ድምፅ ይቀዳል?»

«ይቀዳል።»

«ቆይ፣ ሳትቀዳ በፊት። የወንዙን ቀንድ አውጣዎች አውጣና የፈላ ውሃ ድፋባቸው። እጅና እግርህን በሳሙና ታጠብ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሄደህ ትመረመራለህ፣ ረሳሁ እንዳትለኝ። አሁን ባትሪ ይዘህ ከማጣሪያው ሳጥን ጀርባ እይ፣ ወፍራም እጅህ የማይገባበት ቦታ። ልጋግ የመሰለ፣ ውስጡ ነጠብጣብ ያለው ነገር አለ?»

ጎንበስ ብዬ በባትሪ አየሁ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈ የጥፍር ስፋት ያለው ልጋግ ነበር፤ ውስጡ እንደ ጤፍ የደቀቁ ነጠብጣቦች ተበትነዋል። «አለ!» አልኩ። «ድርቤ፣ አለ! ምንድን ነው?»

«እንቁላላቸው ነው። እንዶድ ትልልቆቹን ይገድላል እንጂ እንቁላሉን ብዙም አይነካውም ይባላል።»

«ስለዚህ ይፈለፈላሉ?»

«አላውቅም» አለች። «አንተም ይፈለፈላሉ ብለህ አትንገረኝ። ያየኸውን ብቻ ንገረኝ። በል ቅዳ፣ አያያዛቸውን ልንገርህ፤ ነገ ብጠየቅ መልስ መስጠት አልችል ይሆናል።»

ቁልፉን ተጫንኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገረች። በመሃል ስለ ቀንድ አውጣ ያልሆነ ነገርም አለ፤ እሱን አልጽፈውም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል አስገቧት። አሁን ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ኢቢሳ አልደወለም። እኔ አኳሪየሙ ፊት ወንበር ስቤ ተቀምጫለሁ። ባትሪውን በየአሥር ደቂቃው እያበራሁ ልጋጉን አያለሁ። ነጠብጣቦቹ ትናንት እንደነበሩት ናቸው። አንዷ የተንቀሳቀሰች መሰለኝ፤ ዓይኔም ሊሆን ይችላል። ስትነቃ የምነግራት ይህንኑ ነው፤ መሰለኝ፣ አላውቅም።

ደረሳ መጥቶ ብላ ብሎኝ ነበር፤ እንቢ አልኩት። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ቅጂውን እንደገና ከመጀመሪያው ከፈትኩት። ትንሽ ያንኮሻኩሻል፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ከዚያ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠ ተማሪ እንኳ በሚሰማው በዚያ የክፍል ድምፅዋ ትጀምራለች።

«መጀመሪያ» ትላለች ድርቤ፣ «ባልዲውን እጠብ።»